ከአንድ ታንከር የወጡ ሦስት ቧንቧዎች

በር ሲንኳኳ ትንፋሼን የምይዝ ሴት ነበርኩ። ለልጄም መጀመሪያ ያስተማርኳት ነገር እሱን ነው። ሂክማ ገና አፏን በደንብ ሳትፈታ፣ በር ሲንኳኳ እንዴት ዝም እንደሚባል ታውቅ ነበር። መጫወቻዋን ቀስ አድርጋ መሬት ታስቀምጥና ሁለት እጇን አፏ ላይ ትጭናለች። ያንን ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ከዚያ ልማድ ስላወጣኝ አንድ ሐሙስ ነው።

መዲና በሉኝ። የወሎ ልጅ ነኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ስለ ኮምፒውተርና ስለ ኢንተርኔት የምጽፈው እኔ በገባኝ መንገድ ነው፤ የምታውቁ ታርሙኛላችሁ። ሰዓቱንም የምቆጥረው እንደ አገራችን ነው።

ዘመኑ በፈረንጆቹ 2020፣ የበሽታው ዓመት ነበር። ቤይሩት ከሱቆቿ ግማሹን ዘግታ፣ መብራት በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ እያገኘች የምትኖርበት ጊዜ። በቤት ሠራተኝነት ከነበርኩበት ከማዳሜ ቤት የወጣሁት ሂክማን አርግዤ ነው። አባቷ ሳትወለድ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማሁም። የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ኢቃማ የምንለው፣ ከማዳሜ ቤት ስወጣ እዚያው ቀረ። በመጨረሻ ፉርን ኤል ሸባክ ውስጥ አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ ከውኃ ታንከሮቹ አጠገብ፣ አንዲት ክፍል አገኘሁ። የሕንፃው ጠባቂ የሰጠኝ ደረጃውንና ጣሪያውን እንዳጥብለት ነው። በየሰኞው ከጣሪያው ጀምሬ እስከ ታች እወርዳለሁ። ነዋሪዎቹ መጥረጊያ የያዘች ሴት ያያሉ እንጂ ልጅ እንዳለኝ አያውቁም። እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ከሁሉም የምፈራው አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ልክ ከእኛ ክፍል ሥር የምትኖረውን ማዳም ሱዓድን ነበር። ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ናት። ደረጃው ላይ ውኃ ከቀረ በሯን ከፍታ ትጮሃለች። ከእኔ በፊት እዚያች ክፍል የነበረችውን ኢትዮጵያዊት ፖሊስ ጠርታ ያስያዘቻት እሷ ናት ይባላል። በሯ ፊት ያለውን ደረጃ ሳጥብ ጫማዬን አውልቄ ነው የማጥበው።

ሂክማ ስድስት ዓመቷ ነበር። ቶሎ ይደክማታል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ሳል አይለቃትም። ደረጃ ስትወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከንፈሯ ገርጥቶ ትቀመጥና፣ "እማ፣ ትንሽ ልቁም" ትለኛለች። የነጻ ሕክምና የሚሰጥበት ቦታ ወሰድኳት። ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ አሉኝ። በዚያ ሳምንት ማክሰኞ የልቧን ሥዕል አነሷት፤ ረቡዕ ነርሷ ሥዕሉን በሲዲ አድርጋ ከአንድ ወረቀት ጋር ሰጠችኝ።

"ስሚኝ" አለች፤ ደግ ልጅ ናት፣ ዓይኗ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። "ሐኪሞቹ ያሉት ውጭ አገር ነው። ሥዕሉን አይተው በነጻ የሚታከሙትን ልጆች ይመርጣሉ። ዝርዝሩ ነገ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። የእኛ ኢንተርኔት ከትናንት ጀምሮ ተቆርጧል። ለሁሉም እናት እንዲሁ ነው የምለው፤ እዚህ ወረቀት ላይ በጻፍኩት አድራሻ ራስሽ ላኪው።"

"ካልደረሰስ? የሚቀጥለው ዙር መቼ ነው?"

ትከሻዋን ነቀነቀች። "በዚህ ዓመት የሚቀጥለውን የሚያውቅ አለ?"

ሐኪሙ ደግሞ ብዙ መቆየት የለባትም ብሎኛል። ሲዲውን በሻርፕ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

ኮምፒውተር ያላት አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ትዕግስት የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ወደዚህ ሳትመጣ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብታ ኔትዎርክ ተምራለች፤ ከዚያ መጥታ ስድስት ዓመት የሰው ሳህን አጠበች። የድሮ አሠሪዋ ልጅ የጣለውን ላፕቶፕ አንስታ ጠግናዋለች። ሁለት ቁልፍ የለውም፣ ባትሪው ሞቷል፣ ከግድግዳ ካልተሰካ አይሠራም። ግን አሮጌ በመሆኑ ሲዲ ይቀበላል። ሐሙስ ጠዋት መብራት በመጣ ጊዜ ተሸክማው ስድስተኛችን ጋ ደረሰች፤ ክፍላችንን የምትጠራት ስድስተኛ ፎቅ ብላ ነው።

ሲዲውን ከተተችና ስክሪኑን አየች።

"ሥዕሉ አንድ አይደለም መዲ። ስድስት መቶ አርባ ነው። ልቧን እንደ ዳቦ ቆራርጠው ነው ያነሱት።"

"ምን ማለት ነው? አይሄድም?"

"ይሄዳል። አንድ በአንድ ይሄዳል።"

ከኮሪደሩ የሚመጣ ደካማ ዋይፋይ ነበረን፤ ጠባቂው የፈቀደልን። ጀመረች። ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ከተመለከተች በኋላ በጣቷ ቆጠረችና ፊቷ ተለወጠ።

"በዚህ አካሄድ የሚያልቀው ማታ ሁለት ሰዓት ነው።"

"የሚዘጋው አሥር ሰዓት ነው።"

"አውቃለሁ። አትንጫጪብኝ።"

ከቦርሳዋ ፍላሽ የሚመስሉ ሁለት ትንንሽ ነገሮች አወጣችና ላፕቶፑ ላይ ሰካቻቸው። "እነዚህ ዋይፋይ መቀበያ ናቸው። ኮምፒውተሩ የራሱ አንድ አለው፤ ከነዚህ ጋር ሦስት ይሆናል። ሦስት የተለያየ ዋይፋይ ባንድ ጊዜ ይይዛል። ከዚያ ፕሮግራሙ ሥዕሎቹን ያከፋፍላቸዋል። አንዱን በዚህ፣ አንዱን በዚያ። ሦስት ሰው ውኃ ሲቀዳ በለው።"

"ሌላውን ዋይፋይ ከየት እናመጣለን?"

"ለሱ እኔ አለሁ" አለችና ወደ ጣሪያው ጠርዝ ወጣች።

የቤት ሠራተኞች መነጋገሪያ በረንዳ ነው። ልብስ ስናሰጣ፣ ምንጣፍ ስናራግፍ፣ ከፎቅ ፎቅ በዓይንና በእጅ ወሬ ይተላለፋል። ትዕግስት ሦስተኛ ፎቅ ለምትሠራው ለከድጃና ለአንዲት ሌላ ልጅ ምልክት ሰጠች። ብዙም ሳይቆይ የሁለቱ ቤት ዋይፋይ የይለፍ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ፣ ንፋስ እንዳይወስደው በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ በጠባቂው እጅ መጣልን።

ወረቀቶቹን ለትዕግስት ከመስጠቴ በፊት ያዝ አደረግኳቸው። "ማዳሞቻቸው ቢያውቁ ያባርሯቸዋል። ባይሆን እንጠይቃቸው…"

"አንቺ ሴትዮ፣ የራስሽን ጥላ ሳይቀር ኢቃማ አለህ ወይ ብለሽ ነው የምታስጠጊው! እስቲ ዛሬን ተይን።"

ሦስቱም ተገናኙ። ሦስት ስም በስክሪኑ ላይ ተደረደረ። ሂክማ ፍራሹ ላይ ሆና የሚሄዱትን ሥዕሎች ትቆጥራለች፤ እስከ ሃያ ነው የምትችለው፣ ሃያ ሲሞላ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። እኔ በልቤ ዱዓ አደርጋለሁ።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። ትዕግስት ወደ ስክሪኑ ቀረበች፣ ራቀች፣ አንዱን ነቅላ መልሳ ሰካች።

"አልፈጠነም" አለች በቀስታ። "ሦስቱም ይሠራሉ፤ ግን ሦስቱ ተደምረው አንዱ ብቻውን ያህል ነው የሚሄዱት። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ያጠፋሁት የለም። ማርያምን፣ ያጠፋሁት የለም።"

ሁልጊዜ የምትቀልድ ሰው ስትምል መስማት ያስፈራል። ላፕቶፑን ማየት ስለማልችልበት ጣሪያውን አየሁ። በሩ ክፍት ነው፤ ታንከሮቹ ይታያሉ። ከታንከሮቹ አጠገብ የምትንጠለጠል አንዲት ግራጫ ሳጥን አለች። በየሰኞው ውኃ እንዳይነካት በፌስታል እሸፍናታለሁ፤ ጠባቂው እንደዚያ ብሎኛል። አንድ ወፍራም ሽቦ ይገባባታል፤ ሰባት ቀጫጭን ሽቦ ይወጣና በግድግዳው ወደየቤቱ ይወርዳል። እነዚያን ሽቦዎች ስንት ጊዜ በጨርቅ እንደጠረግኳቸው።

"ትዕግስት፣ ዋይፋይ ከየት ነው የሚመጣው?"

"ካየር ነዋ!" አለች ተናዳ።

"አይደለም። ከዚያች ሳጥን ነው። የከድጃ ቤትም፣ የዚያችኛዋም፣ የኮሪደሩም። ሽቦው ከዚያ ሲወርድ አውቀዋለሁ፤ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ወደ ሳጥኗ የሚገባው ደግሞ አንድ ነው። ሦስት ቧንቧ ከፍተናል፤ ታንከሩ ግን አንድ ነው።"

ትዕግስት ወጣች፤ ሳጥኗን አየች፤ ሽቦዎቹን እስከ ጣሪያው ጠርዝ ተከተለቻቸው። ስትመለስ ራሷን ይዛ ነበር።

"አንድ ሰው ነው መስመር ገዝቶ ለሕንፃው የሚያከፋፍለው። ሦስት ስም አይቼ ሦስት መስመር መሰለኝ። ኮሌጅ የተማርኩት እኔ፣ የነገርሽኝ አንቺ!" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "ከዚህች ሳጥን ያልወጣ ሽቦ ያለው ቤት የቱ ነው?"

መልሱን አውቀው ነበር። ባላውቀው ደስ ባለኝ። ከመንገዱ የስልክ እንጨት ተነስቶ በአምስተኛ ፎቅ መስኮት የሚገባ ያረጀ ጥቁር ሽቦ አለ። የማዳም ሱዓድ ነው።

በጣቴ ወደ ታች፣ ወደ መስኮቷ አሳየኋት። ያኔ መብራት ጠፋ። ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ ላፕቶፑም አብሮ ጠፋ። የሄዱት ሥዕሎች መቶ ሃምሳ ነበሩ።

 ከታች የጄኔሬተሩ ድምፅ ተነሳ። የጄኔሬተር ደንበኛ የሆነ ቤት፣ ኢሽቲራክ ያለው፣ መብራት አለው። የእኛ ክፍል የለውም።

"መብራትም መስመርም እሷ ጋ ነው ያለው" አለች ትዕግስት።

"ፖሊስ ትጠራለች።"

"ልትጠራ ትችላለች።"

"ሂክማን ይዘው ከኔ ቢለያዩስ? አንቺ ልጅ የለሽም፣ አታውቂውም!"

ይህን በመናገሬ እስካሁን እጸጸታለሁ። ትዕግስት አልተቆጣችም። "አላውቀውም" አለች። "እኔ የማውቀው ሰዓቱን ነው።"

ሂክማ ተነስታ ጫማዋን ታደርጋለች። የተባባልነውን የሰማች ይመስለኛል። በጀርባዬ አዘልኳት፤ ትዕግስት ላፕቶፑን ይዛ ተከተለችን። ሃያ ሁለት ደረጃ ነው፤ በየሰኞው ስለማጥበው አውቀዋለሁ። በሩ ፊት ደረስኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከውስጥ ሆኜ የፈራሁትን ድምፅ አሁን እኔ ላሰማ ነው። አንኳኳሁ።

ከውስጥ የሸበጥ ድምፅ መጣ፤ በሩ ጀርባ ቆመ። ከዚያ ዝምታ። ትንፋሽ ሲያዝ እኔ አውቃለሁ። አሮጊቷም እንደኔው ቆማ ታዳምጥ ነበር።

"ሚን?" አለች በመጨረሻ። ማን ነው ማለቷ ነው።

"እኔ ነኝ ማዳም። ደረጃ የማጥበው።"

"ዛሬ ሰኞ አይደለም።"

"አዎ ማዳም። ለሥራ አይደለም። ለልመና ነው።"

በሩ እስከ ሰንሰለቱ ተከፈተ። ጭምብል ያጠለቀ ትንሽ ፊትና አንድ ዓይን ታየኝ። ዓይኗ እኔን አልፎ ጀርባዬ ላይ አረፈ።

"ልጅቷ ለምንድነው አፏን የያዘችው?"

ዞር ብዬ አየሁ። ሂክማ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

"በር ስለተንኳኳ ነው ማዳም።"

"ያንኳኳችሁት እናንተ ናችሁ!"

"ልጅ ናት። ልዩነቱን አታውቀውም።"

 እኔ በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛዬ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ አፈሰስኩት። ልቧን፣ ሥዕሉን፣ አሥር ሰዓትን፣ የጠፋውን መብራት፣ ጥቁሩን ሽቦ። ሲዲው በእጄ ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፣ በሰንሰለቱ ክፍተት አሳየኋት። ስጨርስ የጠየቀችኝ ያልጠበቅኩትን ነው።

"ለዚህ ነው የማትሮጠው?"

"ምን አልሽኝ ማዳም?"

"ጣሪያዬ ላይ ልጅ እንዳለች ሁለት ዓመት ሙሉ አውቃለሁ። እግሯን እሰማለሁ። ትራመዳለች፣ ትቆማለች። ልጅ ሆና አንድ ቀን እንኳ ስትሮጥ አልሰማሁም። እናትየው ትመታት ይሆን፣ ታስራት ይሆን እያልኩ…" ሰንሰለቱን ፈታችው። "ግቡ። ጭምብል አድርጉ። ያላ፣ በሩን ዝጉት።"

ከመግባታችን የሁላችንንም እጅና ላፕቶፑን ጭምር ሽቶ በሚመስል አልኮል ረጨችው። ትዕግስት "ኮምፒውተሩ ሰከረ" አለች በአማርኛ። ሂክማ ሳቀች። በሰው ቤት ድምፅ አውጥታ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

የዋይፋዩ ሳጥን በባሏ ፎቶ ሥር ነው፤ ቁጥሩ ከሥሩ ተለጥፏል። ልጆቿ ውጭ ናቸው፤ በሱ ነው የምታያቸው። ትዕግስት ሰካችና አያያዘችው። ከዚያ አገልጋይና ማዳም መሆናቸውን ረስታ ትጠይቃት ጀመር። "ከዚህ መስመር የተለየ ሌላ ማን አለው? ከሕንፃው ያልሆነ?"

ማዳም ሱዓድ አሰበችና በረንዳ ወጣች። ፊት ለፊት ልብስ ሰፊ አለ።

"አቡ ጆርጅ! አቡ ጆርጅ! የኢንተርኔትህን ቁጥር ንገረኝ!"

"ለምንሽ ነው?"

"ለልጅ ልብ ነው!"

"ለምን?"

"ልብ! ልብ! የልጅ ልብ! ጣሪያው ላይ ለምትኖረው ልጅ!"

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ስድስት ዓመት የሸሸግኩትን ነገር አንዲት አሮጊት ለመንገዱ ሁሉ ጮኸችው። ሰውየውም መቀሱን እንደያዘ ወጥቶ ቁጥሩን አንድ በአንድ ይጮህልን ጀመር። ትዕግስት እየጻፈች፣ "አሁን ሰፈሩ በሙሉ ገብቶበት ያዘገይብናል" አለች።

የተቀበልናቸውን ብጣሽ ወረቀቶች አወጣሁና ለማዳም ሱዓድ ሰጠኋት። ለከድጃ ማዳም እንዳትነግርባት ለመንኳት። አንብባ ቀደደቻቸው። ከዚያ ለሦስተኛ ፎቋ ማዳም ስልክ ደውላ፣ "መስመርሽን እስከ አሥር ሰዓት አዋሺኝ" አለቻት፤ በፈቃድ ተሰጠን። በፈቃድ! አራተኛው የትዕግስት ስልክ ሆነ፤ ያላትን ዳታ ሁሉ ከፍታ በገመድ ሰካችው።

ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ እንደገና ተጀመረ። አሁን የተለየ ነበር። ሂክማ መቁጠር አቃታት፤ አንዱን ቆጥራ ሳትጨርስ ሌላው ይሄዳል። ትዕግስት እየሳቀች "ወጣ፣ ሸሸ!" ስትል፣ "ምኑ?" አልኳት። "ፍርሃትሽ" አለችኝ።

ስንጠብቅ ማዳም ሱዓድ ለሂክማ ብርቱካን ልጣ ሰጠቻት። ከዚያ ሳታየኝ ተናገረች።

"ከአንቺ በፊት እዚያ የነበረችው ልጅ። ለፖሊስ የደወልኩት እኔ ነኝ።"

ወደ ሂክማ ጠጋ አልኩ።

"ሌባ ናት አሉኝ። እኔ የጠፋብኝ ነገር አልነበረም። ዝም ብዬ ደወልኩ። ስትወርድ በዚህ በር ፊት አለፈች፤ አየችኝ። ከዚያ ወዲያ ጣሪያው ላይ ኮቴ ስሰማ ዝም ማለትን መረጥኩ።"

"ስሟ ማን ነበር?"

"አላውቅም። አልጠየቅኳትም።" ቀና አለች። "ያንቺንም አልጠየቅኩም። ማን ነው ስምሽ?"

"መዲና።"

"መዲና" አለች፤ እንዳይጠፋባት እንደሚይዝ ሰው ደገመችው።

ይቅር ልበላት አልበላት አላውቅም ነበር። ይቅርታው ደግሞ የኔ አይደለም፤ የዚያች ስሟን ያላወቅናት ልጅ ነው። የብርቱካኑን ልጣጭ ሰበሰብኩ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ትዕግስት "ወይኔ" አለች። አንዱ መስመር ወደቀ። በረንዳ ስንሮጥ ልብስ ሰፊው ሱቁን ቆልፎ ለምሳ እየሄደ ነው፤ ሲቆልፍ ዋይፋዩን አጥፍቶታል። ማዳም ሱዓድ ብትጮህ አልሰማም፤ መንገዱን ታጥፎ ነበር። እኔ ወረድኩ። አምስቱን ፎቅ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። በጠራራ ፀሐይ፣ ወረቀት የሌለኝ ሴት፣ በዚያ ሠፈር መካከል "አቡ ጆርጅ!" እያልኩ እየጮህኩ ሮጥኩ። ሰዎች ዞረው አዩኝ። ያሳየኋቸው ፊት ስድስት ዓመት የደበቅኩት ነው።

ሰውየው ቆመ። አይቶኝ አያውቅም፤ ግን ገባው። "ለልጅቷ ልብ ነው?" አለኝ። ምንም ሳይጨምር ተመለሰ፣ ከፈተ፣ አበራው። ከዚያ ወንበር አውጥቶ ሱቁ በር ላይ ተቀመጠ። "ሲያልቅ ንገሩኝ። ምሳዬ አይሸሽም።"

ስመለስ የትዕግስት ዳታ አልቆ ነበር። ሦስት መስመር ቀረን። ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ በዚያ ወር እናቷን የምታናግርበት ሌላ አልነበራትም። እኔ ያንን ያወቅኩት ከሳምንታት በኋላ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት። ዘጠኝ ተኩል። ስድስት መቶ። ስድስት መቶ ሃያ። የመጨረሻዋ ሥዕል አልሄድ አለች። ትልካለች፣ ይመልሳታል። ትልካለች፣ ይመልሳታል። ማዳም ሱዓድ መቁጠሪያዋን አወጣች፣ ትዕግስት ታማትባለች፣ እኔ ያለችኝን ዱዓ ሁሉ ጨረስኩ። በሦስተኛው ሄደች። ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ነበር። በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ወጣ።

"ምን ይላል?" አልኩ።

"ደርሷል ይላል" አለች ትዕግስት። "ስድስት መቶ አርባ፤ ሁሉም ደርሷል።" ከዚያ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ማልቀስ የማልችል መስሎኝ ነበር። ማዳም ሱዓድ በረንዳ ወጥታ "አቡ ጆርጅ፣ ኸላስ፣ አለቀ! ብላ!" ብላ ስትጮህ ነው እንባዬ የመጣው።

መልሱ ከብዙ ቀን በኋላ መጣ። ሂክማ ተመርጣለች፤ መንገዱ ሲከፈት ሐኪሞቹ ይመጣሉ፤ ደረቷ ሳይከፈት ቀዳዳው በቀጭን ቱቦ ይዘጋላታል አሉኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ በሰው አገር በር ዘግታችሁ ልጅ የምታሳድጉ፣ ሂዱና የሁሉን በር አንኳኩ አልላችሁም። አንኳኩተው የተያዙ አውቃለሁ። ፍርሃቴ ከንቱ አልነበረም፤ ያቺ ልጅ በእርግጥ ተይዛለች፤ የደወለችውም ሴት ፊቴ ተቀምጣ ነግራኛለች። የምነግራችሁ እኔ ስለተሳሳትኩበት ነገር ብቻ ነው። ሦስቱ ቧንቧዎቼ ከአንድ ታንከር እንደሆኑ ሳላውቅ ኖሬ ነበር። የምጠይቃቸው ሰዎች ሁሉ እንደኔው የተሸሸጉ ነበሩ። እርስ በርስ ያለንን እንካፈላለን፤ አንዳችን ስንደርቅ ግን ሁላችንም እንደርቃለን። ሌላ ውኃ ያለው ከበሩ ማዶ ነው። ያንን በር ለማንኳኳት የሚያስፈልገው ድፍረት ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። ለኔ የመጣው ከልጄ ነው።

በዚያው ክረምት የቤይሩት ወደብ የፈነዳ ዕለት እኛ ክፍላችን ውስጥ ነበርን። በሩ ተገንጥሎ ወደ ውስጥ ወደቀ። ሂክማን አንስቼ የወረድኩት ወደ መንገድ አልነበረም፤ ሃያ ሁለት ደረጃ ብቻ ነው። ማዳም ሱዓድ መስተዋት ግንባሯን ቆርጧት ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። በሯን ስገፋ የጠራችው የልጆቿን ስም አልነበረም። "መዲና" አለች። ደሟን በሻርፔ አሰርኩላት፤ ሌሊቱን ሦስታችንም እሷ ቤት አደርን።

ትዕግስት በመከር ወደ አገሯ ተመለሰች። ላፕቶፑን ለሂክማ ትታላታለች፤ ሁለቱ ቁልፎች ዛሬም የሉትም።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሐኪሞቹ መጡና የሂክማን የልብ ቀዳዳ ዘጉላት። ለሳምንታት አስጨንቄ አስቀመጥኳት፤ እኔን ታውቁኛላችሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳሰጣ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። ሂክማ በታንከሮቹ መካከል ትሮጣለች። ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ፣ ተመልሳ እንደገና። "ቀስ!" ልላት አፌን ስከፍት ከሥራችን ተንኳኳ። አሮጊቷ ከታች ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት እየመታች ነው።

ሂክማ ቀጥ ብላ ቆመች። እጆቿ ወደ አፏ ተነሱ።

እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ የማዳም ሱዓድ ድምፅ በመስኮት ወጣ።

"ለምን አቆመች? መዲና! ትሩጥ በያት፣ እየሰማሁ ነው!"